አደይ በሰኔ ይዘራል

አደይ አበባ ዕድሜው ከአንድ ዓመት አያልፍም። ክረምቱ ሲገባ ይበቅላል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ያብባል፣ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ሥሩ መሬት ውስጥ ከርሞ ዳግም አያቆጠቁጥም። በየዓመቱ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አበባ በሙሉ ከወደቀ ዘር የተነሣ ነው። ስለዚህ አደይን በግቢው ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ቁራጭ ወይም ግንድ ሳይሆን ዘር ነው። የሚዘራውም አበባው በሚፈለግበት በመስከረም ሳይሆን ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ ነው።

በአገሩ ሁሉ የተወደደ አበባ ሆኖ ሳለ አደይን የሚዘራ ሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ይገርማል። በወላይታ ሶዶ ግቢዎች ጽጌረዳ ይተከላል፣ ቡገንቪሊያ በአጥር ላይ ይወጣል፣ ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ የውጭ አበባ በጣሳና በፕላስቲክ ባልዲ ይደረደራል። አደይ ግን ከሜዳ የሚለቀም እንጂ የሚዘራ አይመስልም። ሜዳው ሰፊ በነበረበት ዘመን ይህ ችግር አልነበረውም። ዛሬ ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግት በአገሪቱ ግንባር ቀደም ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙው ገበሬ ይዞታም ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ጾሙን የሚያድር መሬት ከሌለ አደይ የሚቀረው በመንገድ ዳር፣ በቦይ ጠርዝና በድንበር ላይ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ዘር ሳይዝ ለበዓል ይቆረጣል።

አደይ እየተባለ የሚጠራው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። በእጽዋት ሳይንስ ባይደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ፣ ለዓይን የሚመሳሰሉ በርካታ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይታወቃሉ። ከነዚህ ይበልጥ የሚጠቀሱት ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ ናቸው። ይህን ወገን በጥልቀት ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የእጽዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኙት ዝርያዎች የጻፉት ሥራ በ1984 እ.ኤ.አ. በስዊድን ኡፕሳላ ታትሟል። በኢትዮጵያና ኤርትራ እጽዋት ላይ በተዘጋጀው ትልቅ ተከታታይ መጽሐፍ ውስጥም ይህ ወገን የሚገኝበት ቤተሰብ ክፍል የወጣው በእርሳቸው ጸሐፊነት በ2004 እ.ኤ.አ. ነበር። ለጓሮ አትክልተኛ ዝርያዎቹን መለየት ግድ አይደለም። ከሚኖርበት ቀበሌ ወይም ከተመሳሳይ ከፍታ የተለቀመ ዘር ለአፈሩም ለዝናቡም የለመደ ስለሆነ ከሩቅ ከመጣው ይሻላል።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቦዲቲም ከዚህ ብዙም አትርቅም፤ አረካ ትንሽ ዝቅ ትላለች። እነዚህ ሁሉ ለአደይ የሚስማሙ የወይና ደጋ ቦታዎች ናቸው፤ ወደ ዳሞታ አናት ሲወጣ ደግሞ ደጋው ይቀበላል። ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ይበረታል፣ ዝናቡም ይሳሳል። እዚያ አደይን ለማልማት መታገል ድካሙን የሚያክል ፍሬ አይሰጥም።

የወላይታ የዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ የሚከበረው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17 ይውላሉ፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ጽጌ የሚባሉት 40 ቀናት ደግሞ ከመስከረም 26 ጀምረው ኅዳር 5 ላይ ያበቃሉ። አደይ የሚያብበው በዚሁ ሁሉ መሐል ነው። በሶዶ ግቢ ለሚዘራ ሰው እንግዲህ መድረሻው የታወቀ ነው፤ አበባው ቢያንስ ለጊፋታ ሳምንት መከፈት አለበት። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይደለደላል።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከዘር ለቀማ ነው፤ ወቅቱም ያለፈው ዓመት ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር ነው። አንድ አደይ አበባ የሚመስለው በእርግጥ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች፣ ብዙ ጊዜ ስምንት አካባቢ የሚሆኑት፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው፤ እነርሱ ግን ዘር አይዙም። ዘር የሚይዙት መካከሉ ላይ ጥቅጥቅ ብለው የተሰበሰቡት ደቃቅ አበቦች ናቸው። የሚከፈቱት ከዳር ወደ መሐል ነው፤ ዘሩም የሚበስለው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በመሆኑም በአንድ ራስ ላይ የዳሩ ዘር ጠቁሮ ሊረግፍ ሲደርስ የመሐሉ ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

የደረሰውን ካልደረሰው መለየት ቀላል ነው። ቢጫዎቹ ቅጠሎች ረግፈው፣ ራሱ ቡናማ ሆኖ፣ የያዘው አንገት ሲደርቅ ራሱን በሁለት ጣት ይዞ ወደ መዳፍ ማሸት ነው። የደረሰ ዘር ያለ ትግል ይለቃል፤ ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያለና ሲጫኑት የማይለመጥ ነው። ነጣ ያለና በጥፍር ሲነኩት የሚታጠፍ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይም ገና አልበሰለም። ለቀማው ጤዛ ካለፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ይሁን። ራሶቹ ሁሉ እስኪደርቁ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የበሰሉትን፣ ማለትም ቀድመው ያበቡትን፣ ነፋስ ይወስድበታል። ስለዚህ በሦስትና በአራት ቀን ልዩነት ደጋግሞ መልቀም ይበልጣል።

የተለቀመው ዘር በወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ይደርቃል። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም በደረቀ ቅል ውስጥ ገብቶ፣ ዓመቱና የተለቀመበት ቦታ ተጽፎበት፣ ከምድጃ ጭስና ከእርጥበት ራቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ላስቲክ ጥሩ መያዣ አይደለም፤ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ዘሩ ውስጥ ለውስጥ ይሻግታል። አይጥ ደግሞ ለአበባ ዘር ከእህል ያነሰ ፍቅር የላትም።

ቦታ ሲመረጥ የወላይታ ጓሮ አንድ ወጥመድ አለው። በቤት ዙሪያ ያለው መሬት፣ በተለይ እንሰቱ የቆመበት፣ ለዘመናት ፍግና የቤት ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ለም አፈር ነው። ለእንሰትና ለጎመን ይህን የመሰለ የለም። ለአደይ ግን ይበዛበታል። በጣም በለማ አፈር ላይ የበቀለ አደይ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አገዳው ለስልሶ ይረዝማል፣ አበባው ይዘገያል፤ የነሐሴ ዶፍ ሲመጣም ይጋደማል። የሚስማማው ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያገኘው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ መካከለኛ ለምነት ያለው ቀይ አፈር ነው፤ የአጥር ሥር፣ የመግቢያ ዳርና ዳር፣ ወይም ከደጅ ያለው ሣር የሚያልቅበት ጠርዝ። ማዳበሪያም ፍግም አያስፈልገውም። ለአትክልተኛ እጁን መሰብሰብ ከባድ ነው፤ በዚህ ተክል ግን ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከችሮታ ነው።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ከልሎ መተው ብቻ አይበቃም። ሁምቦ ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጀመረው የደን መልሶ ማልማት ሥራ በአብዛኛው የተመሠረተው ችግኝ በመትከል ሳይሆን በአፈር ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ መሬቱን ከልሎ በመጠበቅ ነበር። ዛፍ ተከልሎ ሲተው ይመለሳል። አደይ ግን እንዲሁ ሲተው ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ከሸፈነው ዘሩ ብርሃን አጥቶ ይቀራል። በመንገድ ሥራ በተቆፈረ አፈር ላይና በአዲስ ቦይ ዳር በድንገት ተትረፍርፎ የሚታየውም ለዚህ ነው። የአንድ ዓመት ተክሎች ባሕርይ ይኸው ነው፤ የተነካካና የተራቆተ መሬት ይፈልጋሉ። በግቢ ውስጥም መሬቱ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ላይ ላዩን መኮትኮት አለበት።

የመዝሪያው ጊዜ በወላይታ ትንሽ ያሳስታል፤ አካባቢው በዓመት ሁለት ዝናብ ስለሚያገኝ ነው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ገብቶ በቆሎና ቦሎቄ ሲዘራ አበባውንም አብሮ ለመዝራት እጅ ይቃጣል። በመጋቢት የተዘራ ተክል ግን እስከ መስከረም ብዙ ወራት ይቀሩታል። በሐምሌ ቁመቱ ከልክ አልፎ ከነፋስና ከበረዶ ጋር ይታገላል፤ ብዙውንም ጊዜ ከበቆሎው ጋር አብሮ ይታረማል። ለመስከረም አበባ የሚበጀው የክረምቱ ዝናብ ነው። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የተፈለገ በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ለጊፋታ የተፈለገ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቢዘራ ይደርሳል። ጥቂቱን ዘር አስቀርቶ በሰኔ መጨረሻ መድገም አበባው እስከ ጥቅምት እንዲዘልቅ ይረዳል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ የሚዘራ ግን ዝናቡን ሳይጠግብ ክረምቱ ይወጣል፤ አጭር ሆኖ ቀርቶ ጥቂት አበባ ይሰጣል። ከዝናብ በፊት ወይም ከዝናቡ ጋር መዝራት በሌላውም ዓለም ያለ ደንብ ነው። ዝናባቸው በብርዱ ወራት በሚጥልባቸው በካሊፎርኒያና በደቡብ አፍሪካው ናማኳላንድ አገር በቀል አበቦች የሚበቅሉት ብርዱና ዝናቡ ሲገባ ነው፤ ሰዎች የሚያደንቁት ግን ከወራት በኋላ የሚመጣውን አበባ ብቻ ነው።

አዘራሩ የጤፍን ይመስላል። መሬቱ በመቆፈሪያ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ላይ ላዩን ይቆፈራል፣ ጓሉ ይከሰከሳል፣ የሣር ሥር ይለቀማል፣ ከዚያ ይደለደላል። ዘሩ ቀላል ስለሆነ ብቻውን ቢበተን ነፋስ ወደ አንድ ጥግ ያከማቸዋል። አንድ እፍኝ ዘር ከአራት ወይም ከአምስት እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ቢበተን ይሠራጫል፤ አሸዋው ፈዘዝ ብሎ ስለሚታይም የቱ ጋር እንደተዘራ የቱ ጋር እንደተዘለለ ያሳያል። ከተበተነ በኋላ አፈር መከመር ስሕተት ነው። በቅርንጫፍ ቀስ ብሎ መጥረግና በእግር ወይም በሳንቃ ጠቅጠቅ ማድረግ በቂ ነው፤ ዘሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ መቀበር የለበትም። ከዳሞታ በኩል ቁልቁል በሚወርድ ግቢ ውስጥ ጎርፍ ዘሩን ጠራርጎ ከአጥር ሥር እንዳይከምረው ከመደቡ በላይ በኩል ትንሽ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዶሮ እንዳትጭረው በእሾህ ወይም በቅርንጫፍ መከለልም እንዲሁ። ብዙ የአበባ መደብ የሚጠፋው በበሽታ ሳይሆን በዶሮ ነው።

የአፈሩ እርጥበት ካልተቋረጠ ዘሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ሁሉም ግን በአንድ ቀን አይወጣም፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ጥቂቱም ሳይበቅል ከርሞ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። የአደይ የቅርብ ዘመድ በሆነውና ከአሜሪካ አህጉር በመጣው የሰይጣን መርፌ ላይ ይህ በግልጽ ይታወቃል። በአንድ ራስ ላይ ረጅምና አጭር ሁለት ዓይነት ዘር ይይዛል፤ ረጅሞቹ ፈጥነው ይበቅላሉ፣ አጭሮቹ ተኝተው ይቆያሉ። አንድ ዓመት ድርቅ ሆኖ የበቀሉት ቢያልቁ የተኙት ዘሩን ያተርፋሉ።

በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻው አረሙ ነው። በወላይታ መንገዶች ዳር የተስፋፋው ቅንጬ የተባለው መጤ አረም ቡቃያው እንደ አደይ ቅጠሉ የተሸነታተረ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አደዩን ነቅሎ ቅንጬውን ያሳድጋል። ልዩነቱ ከቅጠሉ አወጣጥ ይታያል። የአደይ ቅጠሎች በአገዳው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። የቅንጬ ቅጠል መጀመሪያ መሬት ላይ በክብ ተዘርግቶ ይተኛል፤ አገዳ ካበጀ በኋላም አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል። አበባውም ደቃቅና ነጭ ነው። ቅንጬ የቆዳ ማሳከክና የአለርጂ ችግር ስለሚያመጣ ገና ሳያብብ፣ እጅን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍኖ መንቀል ይገባል።

ቡቃያው አራት ወይም ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ይሳሳል። በሁለት ተክል መካከል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው ያስፈልጋል፤ ማሳሳት አሳዝኖት የተወ ሰው በመስከረም ቀጭን አገዳና አንዳንድ አበባ ብቻ ያገኛል። የተነቀለው ቡቃያ ዝናባማ ቀን ተመርጦ አመሻሽ ላይ ከነአፈሩ ቢዛወር ሌላ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ትልቅ ከሆነ በኋላ ግን መዛወር አይወድም። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን መቀንጠብ ተክሉ ወደ ጎን እንዲበተንና ብዙ ራስ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ይህ ከሐምሌ መጨረሻ በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ የተቀነጠበ አበባው ይዘገያል። በክረምቱ ውሃ ማጠጣት አያስፈልግም። ዝናቡ በመስከረም ቶሎ ከወጣ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ሥሩን ማጠጣት አበባውን ያቆየዋል።

አበባው ሲከፈት ንብ ይመጣል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ለሚገኘው ዋና የማር ምርት አደይ፣ መጭና ኑግ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በጥቅምትና በኅዳር ማር የሚቆረጠውም የነዚሁን አበባ ተከትሎ ነው። ቀፎ ላለው ቤተሰብ እንግዲህ የአደይ መደብ ጌጥ ብቻ አይደለም። ለቤት የሚቆረጥ አበባ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሣ ተቆርጦ፣ ታች ያሉት ቅጠሎች ተለቅመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባና ውሃው በየቀኑ ቢለወጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ግን በማግሥቱ ይሸታል።

ከአደይ ሌላ በተመሳሳይ መንገድ የሚዘሩ አገር በቀል አበቦች አሉ። ኑግ ዘይቱ ስለሚፈለግ አበባነቱ ይረሳል እንጂ ከመደብ ዳር ቢዘራ የሚያምር ቢጫ ነው፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ ዘሩም ከየገበያው በጣሳ ይገዛል። ያልተቆላ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። መጭም መልኩ ደስ ይላል፤ ለእርሻ ግን ክፉ አረም ስለሆነ ጎረቤት ጤፍ ባለበት መዝራት ጠብ መጋበዝ ነው። እርጥበት ለሚበዛበት ጥግ ደግሞ ማገጥ አለ። በኢትዮጵያ ደጋ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያላቸው በርካታ የማገጥ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ለመኖነት ተጠንተዋል። አበባቸው በአብዛኛው ወይን ጠጅ ወይም ሐምራዊ ሲሆን ከአደይ ቢጫ ሥር ሲዘረጋ ይስማማል፤ ሥሩም ናይትሮጅን ለአፈር ይጨምራል። የማገጥ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል ከሻካራ አሸዋ ጋር ቢታሽ በቶሎ ይበቅላል።

በችግኝ ሻጮች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ኮስሞስ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና የተሸነታተረ፣ አበባው ሮዝ፣ ነጭ ወይም ብርቱካንማ ስለሆነ አንዳንዶች የአደይ ሌላ ቀለም ይመስላቸዋል። የሚከለከል አበባ አይደለም፤ ነገር ግን አደይ ብሎ የሚሸጥ ሰው እያታለለ ነው።

መደቡ ለሚቀጥሉት ዓመታት እንዲዘልቅ ከአበባው ሁሉ ቢያንስ ሲሶው ሳይቆረጥ መቅረት አለበት። በጥቅምት ግቢው ሲጸዳ የደረቀው አገዳ ቶሎ ተነቅሎ ወደ ቆሻሻ ይጣላል፤ በዚያው ዘሩ አብሮ ይሄዳል። አገዳው ኅዳር እስኪገባ ቢቆም ግማሹ ዘር እዚያው ይረግፋል፣ ግማሹ ለለቀማ ይተርፋል። በሚቀጥለው ሰኔ መሬቱን ላይ ላዩን መኮትኮትና ስስ የሆነውን ቦታ በተለቀመው ዘር መሙላት ብቻ ይቀራል። ከሜዳና ከመንገድ ዳር ለበዓል የሚቆርጥ ሰው ደግሞ አደዩን ከነሥሩ አይንቀለው፤ ከአገዳው እኩሌታ ላይ በቢላ ይቁረጠው። ከታች የቀረው የጎን ቅርንጫፍ ያብባል፣ ዘርም ይሰጣል።